ስንተኛ ቀንዎ ነው?

መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ፤ ነገሩን ከዚያ በኋላ በእርጋታ እነግራችኋለሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብ ስድስት ሰዎች ነን። አንዳንዶቻችን መጠጥ፣ አንዳንዶቻችን የአእምሮ ሕመም ያገናኘን ነን፤ ሁለቱም የደረሰበት አለ። እርስ በርስ እንደማመጣለን፣ የወደቀውን እናነሳለን፣ የጠፋውን እንፈልጋለን። ለዚህ የሚያስፈልገን ስድስት ወንበርና የሚዘጋ በር ብቻ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ጤና ጣቢያው የሰጠንን ሁለት ክፍል ተቀማን። የመጀመሪያው የአሮጌ አልጋ ማከማቻ ሆነ። የሁለተኛው ቁልፍ ሥልጠና የሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ቀረ፤ ሰውየው ከዚያ ሥልጠና ተመልሶ ሌላ ሥልጠና ሄደ። ሦስተኛ ክፍል ልለምን የሄድኩበት ኃላፊ ደግሞ ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ ማኅበር ናችሁ ወይስ ታማሚዎች አለኝ። ሁለቱንም ነን አልኩት። ለሁለቱም የሚሆን ፎርም የለንም ብሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እንግዲህ የምንሰበሰበው እትዬ ይታይሽ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ነው።

ቡድኑን ያቋቋመው የአእምሮ ጤና ነርስ ነበር። ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር የቡድኑን ደብተር ለእኔ አስረከበኝ፤ በእሱ ቦታ እስካሁን የመጣ ሰው የለም። ለምን ለእኔ ስለው፣ አንተ መምህር ነህ፣ ቁጥር ታውቃለህ አለኝ። ያን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር እፍረቱ ይመለስብኛል፤ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ስሜ አስማማው ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ፊዚክስ ላስተምር ፍኖተ ሰላም ተመድቤ በዚያው ቀረሁ። አረቄ የጀመርኩት እንደ ብዙው ወንደላጤ መምህር ከሥራ መልስ ነው። ካገባሁም በኋላ አልተውኩትም፤ ጭራሽ ከሥራ በፊት ሆነ። ጠመኔ የያዘው እጄ ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ሲያቅተው ተማሪዎቼ አይተው እንዳላዩ ይሆኑልኝ ነበር። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ደንበጫ ወላጆቿ ቤት ገባች። እኔን ከወደቅኩበት ጎትቶ ከቡድኑ የቀላቀለኝ ያ ነርስ ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ቀን ጠብታ ካልቀመስኩ አራት መቶ ሃያ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ባለቤቴም ስልኬን ማንሳት ጀምራ ነበር።

ስብሰባችን የሚከፈተው በአንድ ጥያቄ ነው። ተራ በተራ፣ ስንተኛ ቀንህ ነው እንባባላለን። የተጠየቀው ይቆምና ስሙን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ይናገራል። መጠጥ የተወ ሰው ሳይጠጣ ያደረበትን፣ ኪኒን ያለው ሰው ኪኒኑን የዋጠበትን ቀን ይቆጥራል። ወድቆ የመጣ ሰው ምነው አይባልም፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሦስት ጊዜ እናጨበጭባለን። ደብተሩ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ይበልጣል ከቡሬ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ የሚመጣ የሠላሳ ሁለት ዓመት ገበሬ ነው። በቆሎና በርበሬ ያመርታል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ሕመሙ ሲነሳበት ማንም በሌለበት ሰዎች በስሙ እየጠሩ ሲሰድቡት፣ ና ሲሉት፣ ሂድ ሲሉት ይሰማዋል። ማታ ማታ ኪኒኑን ሲወስድ ድምፆቹ ይርቁለታል። ዝምተኛ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ጋቢውን ያስተካክላል። እኔን በተለይ በጣም ያከብረኛል፤ የሚጠራኝም መምህር ብሎ ነው። እኔም ይህን ክብር ደስ ብሎኝ ተቀብዬዋለሁ።

ገና እንደመጣ ሰሞን፣ ከዚያ ነርስ አፍ የሰማሁትን አንድ ምክር ደገምኩለት። ኪኒኑና መጠጥ አይስማሙም፣ እንዳትደባልቃቸው አልኩት። እሽ መምህር፣ አልደባልቅም አለኝ። እውነትም አልደባለቀም።

በስምንተኛው ቅዳሜ ተራው ደርሶ ተነሳ። ስሙን ተናገረና ሠላሳ አንድ ቀኔ ነው አለ። ደብተሬን ገለጥኩ። ስምንት ሳምንት ሃምሳ ስድስት ቀን ነው። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ብዬ እንደ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጠየቅኩት፤ ሌሎቹ ሳቁ።

«አይ መምህር፣ እኔ የቆጠርኩት…» ብሎ ጀመረ።

አላስጨረስኩትም። ሃምሳ ስድስት ነው፣ የደከምክበትን ቀን ለምን ከራስህ ላይ ትቀንሳለህ አልኩት። ጋቢውን አስተካከለ።

«እርስዎ ካሉ» ብሎ ተቀመጠ።

ሃምሳ ስድስት ብዬ ጻፍኩ፣ አጨበጨብን። ከዚያ ወዲያ የሚቆጥርለት እኔ ሆንኩ። ተራው ሲደርስ ቆሞ ወደ እኔ ያያል፣ ቁጥሩን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይደግመዋል። እንዲያውም የቡድኑ ምሳሌ አድርጌ አንስቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ያላጓደለ ሰው እያልኩ።

በጥር መጨረሻ ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ቀረ፤ የገበሬ ሥራ ነው አልን። ሁለት ቀረ፣ ስልኩም አይሠራም። የእኛ ደንብ ደግሞ ሁለት ቅዳሜ የቀረ ሰው ከቤቱ ድረስ ይፈለጋል ይላል። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ እየሆነ አንድ ሳምንት አለፈን። ሦስተኛውን ቅዳሜ ሲቀር፣ በቀጣዩ ማክሰኞ ከእትዬ ይታይሽ ጋር ተነሳን። ትምህርት ቤት ለሴሚስተር ዕረፍት ተዘግቶ ነበር፤ ዕለቱም ሚካኤል ነበር።

እትዬ ይታይሽ አምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ለሃያ ዓመት አረቄ እያወጡ ሲሸጡ፣ ጥራቱን እቀምሳለሁ ሲሉ ሲሉ የራሳቸው ዋና ደንበኛ ራሳቸው ሆኑ። የእጃቸውን አረቄ እኔም ጠጥቻለሁ። ቡሬ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው መከሩኝ። የገጠር ቤት ነው፣ በዚያ ላይ ሚካኤል ነው፣ ጠላ መቅረቡ አይቀርም። ስእለት አለብኝ በል፣ ማንም አይነካህም አሉኝ። እኔ ግን ስእለት ሳይኖርብኝ በታቦት ስም አልዋሽም፣ አስረድቼ ነው የማልፈው አልኳቸው። እሳቸው እንዳሻህ ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ከቡሬ ባጃጁ እስከሚችልበት ድረስ ወሰደን፤ ከዚያ በአጨዳ ባዶ በቀረ የበቆሎ ማሳ መሐል በእግር ሄድን። ከይበልጣል ቤት ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። አባቱ አያ ውለታው ከደጅ ተቀበሉን። ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ማን እንደሆንን ስንነግራቸው እጃችንን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙን። ልጄን ሰው ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉና ወደ ቤት አስገቡን።

ይበልጣል ከምሰሶው ሥር ተቀምጧል። እጆቹ ነፃ ናቸው፤ ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቹ ግን በጠፍር ታስረው ጠፍሩ ምሰሶው ላይ ተቋጥሯል። ቆዳው ተልጧል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ይበልጣል ስል ቀና አላለም።

አያ ውለታው ነገሩን አስረዱን። ከአራት ቀን በፊት ጠሩኝ እያለ ወደ ገደሉ ሮጦ፣ ጎረቤት ተሯሩጦ ከአፋፉ ላይ ነው የያዘው። ባላሥረው ሬሳውን ነበር የማገኘው አሉ። ነገ ሲነጋ አራት ጎልማሶች መጥተው የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቅ ጠበል፣ ከነእሥራቱ በቃሬዛ ሊወስዱት ተስማምተዋል። መድኃኒቱንስ ብዬ ጠየቅኩ። መድኃኒቱማ ምን አደረገለት አሉኝ፤ ይኸው እየወሰደ አይደል እንዲህ የሆነው።

ሚስቱ ማስተዋል ከጓዳ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች። ውስጡ ኪኒን ነው። ብዙ ኪኒን። ማለቅ የነበረበት የሁለት ወር ኪኒን አብዛኛው ተቀምጧል። ለምን አልወሰደውም አልኳት።

«እንዳላችሁት ነው እኮ ያደረገው» አለች። «ከመጠጥ ጋር አይደባለቅም አላችሁት። ጠላ የሚጠጣ ዕለት ኪኒኑን አይነካትም። አንድም ቀን ደባልቆ አያውቅ።»

የትኞቹን ቀናት ነው የሚጠጣው አልኩ። ማስተዋል በጣቷ መቁጠር ጀመረች። እሑድ ሰንበቴ አለ። ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ። የአጨዳው ደቦ ነበር፤ ደቦ ጠርቶ ጠላ ሳይቀምስ የሚውል የለም። ጥር ከገባ ደግሞ ሠርግ ላይ ሠርግ ሆነ፣ በመሐሉ የአጎቱ ተዝካር። ጣቶቿ አልበቃ አሏት፣ እንደገና ከአውራ ጣቷ ጀመረች። በጥር ወር ኪኒን የዋጠባቸው ቀናት ከአምስት አይበልጡም።

እኔ የማስበው ግን ስለ ስምንተኛው ቅዳሜ ነበር። ሠላሳ አንድ ቀኔ ነው ያለኝን። ሰውየው አልተሳሳተም። የዋጠባትን እያንዳንዷን ቀን በልቡ ቆጥሮ፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ እውነቱን ነገረኝ። ሃያ አምስቱ ቀን የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ያኔውኑ ይነግረን ነበር። እኔ ግን ሰባት ጊዜ ስምንት አልኩት። ደሜ ፈላ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ለማንም መናገር አልቻልኩም።

ይህን ሁሉ ንዴት ይዤ ነው እንግዲህ ከአያ ውለታው ጋር ክርክር የገጠምኩት። ዛሬውኑ ፍኖተ ሰላም ወስደን እናሳክመው አልኩ። ሦስት ጎረቤቶች ለሚካኤል ተጠርተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ እነሱም ያዳምጣሉ። ማስተዋል በዚህ መሐል ጠላ ይዛ መጣች። እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ዋንጫውን መጀመሪያ ለእትዬ ይታይሽ ዘረጋች። ስእለት አለብኝ አሉ። እግዜር ያድርስልዎ ብላ ወዲያው ወደ እኔ ዞረች። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። የሐኪም ትእዛዝ አለብኝ፣ መጠጥ ለእኔ ጤና አይሆንም፣ ምናምን። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጠላ መጠጥ ሆኖ ነው፣ እህል አይደል እንዴ አለ አንደኛው። አያ ውለታው እስክጨርስ ሰሙኝና ረጋ ብለው መለሱልኝ።

«መምህር፣ ልጄን አምነው ይስጡን ይሉኛል። ይኸው ምራቴ ፊትዎ ቀምሳ የሰጠችዎትን ግን አያምኑትም። እኔስ በምን ልመንዎት?»

በዚያች ደቂቃ የሆነውን ሳላሳምር ልንገራችሁ። አንድ ዋንጫ ብጠጣ ልጁን ይሰጡኛል ብዬ አሰብኩ። ለሰው ነፍስ ስል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አንድ ብቻ፣ ጠላ ብቻ። የእትዬ ይታይሽ ዓይን እንዳይዘኝ ወደ ሌላ እያየሁ ዋንጫውን ተቀበልኩና ጨለጥኩት። ጣፈጠኝ። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

በዚያ ቤት የእንግዳ ዋንጫ ባዶውን አይቀመጥም። ማስተዋል ሞላችው። ሁለተኛው ለመግባባት ነው፣ ሦስተኛው ለሚካኤል ነው፤ አራተኛው ለምን እንደሆነ አላስታውስም። አንደበቴ ተፈታ። ስለ አንጎልና ስለ ኬሚካል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ፣ ጎረቤቶቹን አሳቅኩ፣ አያ ውለታውን አባቴ እያልኩ ትከሻቸውን አቀፍኩ። እትዬ ይታይሽ ጉልበቴን ነካ ሲያደርጉኝ እጃቸውን ገፋሁት። በዚያ እግር የለሽ ወሬዬ መሐል ከምሰሶው ሥር ወዳለው ሰው አንዴም ዞር ብዬ አላየሁም። ስለ እሱ እየተናገርኩ እሱን ረስቼው ነበር።

አያ ውለታው በጨዋታዬ ደስ አላቸው። ተነስተው ከሣጥናቸው ለክቡር እንግዳ ያስቀመጡትን አረቄ አወጡና በመለኪያ ቀዱ። እሳቸው ቀድተው ሳይጨርሱ እጄ ተዘርግቷል። ያን እጅ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጠመኔ ከመያዙ በፊት መለኪያ የሚይዘው እጅ ነው።

ያኔ የከንፈሩ ማልጎምጎም ቆመ።

«መምህር» አለ ይበልጣል።

ቀና ብሎ ያየኛል። ጋቢ የለበሰ መስሎት መሰለኝ፣ በባዶ ትከሻው ላይ እጁን ወደ ላይና ወደ ታች አድርጎ አስተካከለ።

«ስንተኛ ቀንዎ ነው?»

ምላሴ ከእኔ ቀደመ። አራት መቶ ሃያ ሦስት አልኩት።

መለኪያውን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«እርስዎ ካሉ» አለ።

ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ቢስቅብኝም እችለው ነበር። ያቺ ቃል ግን ቀልቤን ገፈፈችው። ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ ያቋረጥኩት ሰው፣ እግሩ ታስሮ፣ ድምፆቹ ከግራና ከቀኝ እየጠሩት፣ አሁንም ያከብረኝ ነበር። ክብሩ እሱን ገደል አፋፍ አድርሶታል፤ እኔን ደግሞ ውሸቴን ይዤ እንድኖር እየፈቀደልኝ ነው።

መለኪያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ስቆም ተንገዳገድኩ፣ ግድግዳውን ያዝኩ። በሕይወቴ ከቡድናችን ሰዎች ውጪ ላንድም ሰው ተናግሬው የማላውቀውን፣ ርዕሰ መምህሬ እንኳ በሐሜት እንጂ ከአፌ ያልሰማውን፣ ለሦስት ገበሬዎችና ለአንድ ሽማግሌ ተናገርኩት።

«አስማማው እባላለሁ። የአረቄ በሽተኛ ነኝ። እስከ ትናንት አራት መቶ ሃያ ሁለት ነበረኝ። ዛሬ ምንም የለኝም።»

ይበልጣል አጨበጨበ። ሦስት ጊዜ። እትዬ ይታይሽ ከመደባቸው ተነስተው አብረውት አጨበጨቡ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ጎረቤቶቹ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው የመጡብን በሚል ዓይን ያዩናል። አያ ውለታው ጠርሙሱን እንደያዙ ቆመው ቀርተዋል።

ምን አደረግሁ አሉ ቀስ ብለው። እትዬ ይታይሽ ሁሉንም ነገሯቸው፤ የእኔንም፣ የራሳቸውንም፣ ሃያ ዓመት ያወጡትን አረቄ ጭምር። ኪኒኑ በየቀኑ መዋጥ እንዳለበት፣ መቅረት ያለበት ጠላው እንደሆነ፣ እኛ ደግሞ ይህን በቅጡ እንዳልነገርነው ነገሯቸው። እኛ ሲሉ እኔን ለመሸፈን ነው። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው መምህር» አሉኝ፣ ቅር ባለው ድምፅ። «ስእለት አለብኝ ቢሉኝ እኮ እተውዎት ነበር።»

መለኪያውን ከእግሬ አርቄ ገፋሁት።

ከዚያ አያ ውለታው ጎንበስ ብለው ጠፍሩን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ጎረቤቶቹ ይሮጥብናል ሲሏቸው አልሰሟቸውም። ለአራት ቀን ከአፉ የሰው ቃል አልሰማሁም፤ ለእናንተ ግን ተናገረ፣ ውሰዱት አሉን። አንድ ቃል ብቻ አስገቡን፤ ሲሻለው ጠበሉ እንዳይቀርበት። በእግሩ ሄዶ፣ ኪኒኑን በኪሱ ይዞ ይጠመቃል አልናቸው። በዚህ ተስማማን፤ ማንም ዋንጫ ሳያነሳ።

የመልስ መንገዱን ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ሽማግሌው ከፊት፣ እትዬ ይታይሽ ፌስታሉን ይዘው ከኋላ፣ በመሐል እኔና ንጹሕ ሸሚዝ የተቀየረለት ይበልጣል። እግሩ ቆስሎ ያነክሳል፤ እኔ ደግሞ ሞቅ ብሎኛል። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ወደቅኩ፣ ሱሪዬ በአቧራና በእበት ተለወሰ። በክንዴ ይዞ ያነሳኝ እሱ ነበር። አልፎ አልፎ ቆም ብሎ ማንም ወደማይጠራው ወደ ገደሉ በኩል ያዳምጣል፤ ያኔ እኔ እጁን እጎትታለሁ። ሁለት ደካሞች እየተጓተቱ ባጃጅ ያለበት ደረስን።

ፍኖተ ሰላም ስንገባ አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ሄድን። ዘበኛው አንዴ አየን፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቀጥ ብሎ የቆመውን ይበልጣልን አየ፣ እበት የነካውን፣ ጠላ ጠላ የሚሸተውን እኔን አየ። ወዲያው ክንዴን ጥፍንግ አድርጎ ያዘኝ። በሽተኛው ይሄ ነው አይደል አለ አያ ውለታውን። እኔ አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት ይበልጣል ቀደመኝ።

«ሁለታችንም ነን» አለው።

ከወራት በፊት ለዚያ ኃላፊ የሰጠሁት መልስ ነበር። ዘበኛው ፎርም አልጠየቀንም፤ በሩን ከፈተልን።

ተረኛዋ ባለሙያ ልትወጣ ቦርሳዋን አንግታ ነበር፣ መልሳ ሰቀለችው። መድኃኒቱን ስንት ቀን ወሰድከው ብላ ጠየቀችው። ይበልጣል ደብተሩን ከኪሴ አውጥቼ ወደገለጥኩት ወደ እኔ ተመለከተ።

«እንደ መምህር ደብተር ነው ወይስ እንደ እኔ?» አላት።

እንዳንተ አልኩት። ደብተሩን ዘጋሁት። ይበልጣል ነገራት፤ ከዋጠበት ቀን አንዷን አልሳተም፣ ያልዋጠበትን ከነታቦቱና ከነሠርጉ ዘረዘረላት። በማግሥቱ እንደገና እንዲመጣ ቀጠረችው። ዕለቱን ማታ ኪኒኑን የዋጠው እትዬ ይታይሽ ቤት ነው፣ አባቱ አጠገቡ ተቀምጠው እያዩት።

ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ አለቀ ብላችሁ እንዳትሸኙኝ። ይበልጣል ከዚያ ወዲህ አንዴ ታሞ ነበር፤ መድኃኒቱ ጠፍቶ ለአሥር ቀን አጥተነው ነው። ይህንንም በማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም። ባለቤቴ ያን ቀን የሆነውን ስነግራት ስልኩን ዘጋችብኝ፤ መልሳ የደወለችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ክፍሉም እስካሁን አልተሰጠንም። አያ ውለታው ቤት ግን ለበዓል ከጠላው ጎን የተልባ ውሃ በገንቦ ይቀርባል ብላ ማስተዋል ነገረችኝ። ሽማግሌው ለእንግዳ ሁለቱን አሳይተው፣ የትኛውን ልቅዳ ብለው ይጠይቃሉ አሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ወይም ጠጪ ያለባችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ከእኔ ውሰዱ። እርስዎ ካሉ ብሎ የተቀመጠ ሰው ተስማማ ማለት እንዳይመስላችሁ። ምናልባት ሊነግራችሁ የጀመረው ነገር ነበር። መልሳችሁ አስነሱትና ጠይቁት፤ እኔ ይህን ሳላደርግ በመቅረቴ ሰው ልገድል ነበር።

ከዚያ ማክሰኞ ቀጥሎ በመጣው ቅዳሜ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። መጀመሪያ እኔ ቆምኩ። አስማማው እባላለሁ፣ አራት ቀኔ ነው አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ቀጥሎ ይበልጣል ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ እንደ ልማዱ ወደ እኔ አየ። እኔ ዝም አልኩ። ቆየ፣ ጠበቀኝ፤ ምንም እንደማልለው ሲገባው ወደ ሌሎቹ ዞረ።

«ይበልጣል እባላለሁ። ሦስት ቀኔ ነው።»

ማክሰኞ ማታ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። በእኔ ቁጥር አራት ነው። እጄ ሊያርም ቃጣው፤ ያዝኩት። አንዷስ የት ገባች ብዬ ጠየቅኩት። ትናንት ደክሞኝ ሳልውጣት እንቅልፍ ወሰደኝ አለ።

ሦስት ብዬ ጻፍኩ።